በ2008ቱ የዴሞክራቶች የዕጩነት ፉክክር ሚዛኑን ለኦባማ ያጋደለው ምን ነበር?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በተነሳ ቁጥር የብዙዎች ትኩረት የሚያርፈው በየአራት ዓመቱ በኖቬምበር ወር በሚካሄደው የሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ፍልሚያ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ተፎካካሪዎቹ ለዚያ ፍልሚያ ከመብቃታቸው በፊት በየፓርቲያቸው ውስጥ የሚያልፉበት የዕጩነት ፉክክር አንዳንድ ጊዜ ከዋናው ምርጫ ያላነሰ ብርቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ በ2008 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ውስጥ በሴናተር ባራክ ኦባማና በሴናተር ሂላሪ ክሊንተን መካከል የተካሄደው ፉክክር ለዚህ ጉልህ ማሳያ ነው።

ፉክክሩ አምስት ወራት ያህል ፈጅቷል። በሃምሳውም ግዛቶች ተካሂዷል። በመጨረሻም ሁለቱ ፖለቲከኞች እያንዳንዳቸው ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ አግኝተዋል። ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢያሸንፉ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያ የሚሆን ክስተት ይመዘገብ ነበር፤ አንድም ጥቁር አሜሪካዊ፣ አንድም ሴት የአንድ ታላቅ ፓርቲ ፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ይሆናሉ። በሕዝብ ድምፅ ይህን ያህል ተቀራርበው ሳለ ዕጩነቱ ለኦባማ የሆነው በምን ምክንያት ነው? ለጥያቄው የሚሰጠው የተለመደ መልስ የኦባማ የንግግር ችሎታ ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። የፉክክሩን ሂደት በጥሞና ለመረመረ ሰው ከንግግሩ ይልቅ የደንብ ዕውቀት፣ የመስክ ድርጅትና የገንዘብ አያያዝ ሚዛኑን ማጋደላቸው ግልጽ ይሆንለታል።

የመነሻው ሁኔታ

ሁለቱ ተፎካካሪዎች ዕጩ ለመሆን እንደሚወዳደሩ ያስታወቁት እ.ኤ.አ በ2007 መጀመሪያ ላይ ነው። ክሊንተን በጃንዋሪ ወር ውሳኔያቸውን ይፋ ሲያደርጉ ኦባማ ደግሞ በፌብሩዋሪ 10 በኢሊኖይ ዋና ከተማ ስፕሪንግፊልድ በተካሄደ ሰልፍ ላይ አስታውቀዋል። በወቅቱ ክሊንተን ስምንት ዓመት የቀዳማዊት እመቤትነትና ስድስት ዓመት የሴናተርነት ልምድ ነበራቸው። ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ዘመን ጀምሮ የተገነባው የደጋፊዎች መረብም ከጎናቸው ነበር። ኦባማ በአንጻሩ ወደ አሜሪካ ሴኔት የገቡት እ.ኤ.አ በ2005 ሲሆን በአገር አቀፍ ደረጃ የታወቁት ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ቦስተን ላይ በተካሄደው የፓርቲው ጉባዔ ባሰሙት ንግግር ነው።

በ2007 የተካሄዱት አገር አቀፍ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ክሊንተን ሰፊ ብልጫ እንዳላቸው ያመለክቱ ነበር። የምርጫ ቡድናቸውም ጉዳዩ ከሃያ በላይ ግዛቶች በአንድ ቀን ድምፅ በሚሰጡበት በፌብሩዋሪ 5 ቀን 2008 እንደሚጠናቀቅ ተስፋ አድርጎ ነበር። ይህ ግምት በኋላ ላይ ብዙ ዋጋ አስከፍሏል።

ከመነሻው በሁለቱ መካከል ጎልቶ የታየው የፖሊሲ ልዩነት የኢራቅ ጦርነት ነበር። ክሊንተን እ.ኤ.አ በኦክቶበር 2002 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በኢራቅ ላይ ኃይል እንዲጠቀሙ ለሚፈቅደው የውሳኔ ሐሳብ የድጋፍ ድምፅ ሰጥተዋል። በዚያው ወር የኢሊኖይ ግዛት ምክር ቤት አባል የነበሩት ኦባማ ቺካጎ ውስጥ በተካሄደ ሰልፍ ላይ ጦርነቱን ተቃውመው ተናግረዋል። በ2008 ጦርነቱ በዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊዎች ዘንድ እጅግ የተጠላ በመሆኑ ይህ ልዩነት ለኦባማ በር ከፍቶላቸዋል። ልምድ የጎደላቸው ናቸው ለሚለው ትችትም ከልምድ ይልቅ ትክክለኛ ፍርድ ይበልጣል የሚል ምላሽ ለመስጠት አስችሏቸዋል።

የልዑካን ስሌት

የፉክክሩን ውጤት ለመረዳት በቅድሚያ የፓርቲውን ደንብ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ፓርቲ ዕጩ የሚሰየመው በጠቅላላው ሕዝብ ድምፅ ድምር ሳይሆን ከየግዛቱ ተመርጠው ለፓርቲው ጉባዔ በሚላኩ ልዑካን ነው። በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል በዚያ ዓመት በበርካታ ግዛቶች አንደኛ የወጣው ሁሉንም ልዑካን የሚወስድበት አሠራር ስለነበር ሴናተር ጆን ማኬይን በማርች 4 ቀን 2008 ዕጩነታቸውን አረጋግጠዋል። ዴሞክራቶች ግን ቢያንስ 15 በመቶ ድምፅ ያገኙ ተወዳዳሪዎች ልዑካኑን እንደ ድምፃቸው መጠን የሚካፈሉበትን ደንብ በሁሉም ግዛቶች ተግባራዊ ያደርጋሉ።

ከዚህም በላይ አብዛኛዎቹ ልዑካን የሚከፋፈሉት በግዛቱ ድምር ሳይሆን በየምርጫ ወረዳው ነው። ለምሳሌ አራት ልዑካን በተመደቡለት ወረዳ አንድ ተወዳዳሪ 60 በመቶ ድምፅ ቢያገኝ ሁለቱም ተፎካካሪዎች ሁለት ሁለት ልዑካን ይዘው ይለያያሉ። ሦስቱን ለመውሰድ ከ62.5 በመቶ በላይ ያስፈልጋል። ሦስት ልዑካን ባሉት ወረዳ ግን በጥቂት ድምፅ የበለጠው ሁለቱን ይወስዳል። በተጨማሪም ቀደም ባሉት ምርጫዎች ለፓርቲው ከፍተኛ ድምፅ የሰጡ ወረዳዎች ብዙ ልዑካን ይመደቡላቸዋል። ይህም ጥቁር አሜሪካውያን በብዛት የሚኖሩባቸውን የከተማ ወረዳዎች ክብደት ከፍ አድርጎታል።

ከዚህ ደንብ የሚከተለው መደምደሚያ ቀላል ነው። በትልቅ ግዛት በጠባብ ልዩነት ማሸነፍ የሚያስገኘው ትርፍ ጥቂት ሲሆን በትንሽ ግዛት በሰፊ ልዩነት ማሸነፍ ግን ከሚገመተው በላይ ያተርፋል። በዴቪድ ፕላፍ ይመራ የነበረው የኦባማ የምርጫ ቡድን ዕቅዱን የነደፈው ይህንን ስሌት መሠረት አድርጎ ነው። የክሊንተን ቡድን በአንጻሩ በትላልቆቹ ግዛቶች በሚገኝ ድል ተፎካካሪውን ከውድድር ለማስወጣት አስቦ ነበር።

የአይዳሆና የኒው ጀርሲ ንጽጽር

የሁለቱ ስልቶች ልዩነት ጎልቶ የወጣው በፌብሩዋሪ 5 ነው። በዚያ ቀን ክሊንተን ካሊፎርኒያን፣ ኒው ዮርክን፣ ኒው ጀርሲንና ማሳቹሴትስን አሸንፈዋል። በማግስቱ የወጡ ዘገባዎች በእነዚህ ታላላቅ ድሎች ላይ ማተኮራቸው አልቀረም። ነገር ግን ኦባማ በቀኑ ከተካሄዱት ምርጫዎች በ13 ግዛቶች ድል አድርገው በልዑካን ቁጥር በጥቂቱም ቢሆን ቀድመው ተገኙ።

ምክንያቱን ለመረዳት ሁለት ግዛቶችን ማነጻጸር ይበቃል። በኒው ጀርሲ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ክሊንተን 54 ለ44 በመቶ በሆነ ልዩነት አሸነፉ። 59 ልዑካን አግኝተው ኦባማ 48 ስለወሰዱ የተጣራ ትርፋቸው 11 ነበር። በዚያው ቀን በአይዳሆ 21 ሺህ ያህል ሰዎች በተሳተፉበት የፓርቲ ስብሰባ ኦባማ 80 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ከ18ቱ ልዑካን 15ቱን ወሰዱ። የተጣራ ትርፋቸው 12 ሆነ። ሪፐብሊካኖች በሚያዘወትሩት፣ ዴሞክራቶች በኖቬምበር ምርጫ ያሸንፉበታል ተብሎ በማይታሰበው በዚህ ትንሽ ግዛት የተገኘው ድል ከኒው ጀርሲው በአንድ ልዑክ በልጦ ተገኘ ማለት ነው።

ኦባማ አይዳሆ ድረስ ሄደው ሕዝብ ያነጋገሩ ሲሆን ቡድናቸውም በግዛቱ ቢሮ ከፍቶ ደጋፊ ሲያደራጅ ቆይቷል። የክሊንተን ቡድን ለእንዲህ ዓይነት ግዛቶች የሰጠው ትኩረት አነስተኛ ነበር።

ካውከስና ድርጅታዊ ብቃት

የአይዳሆው ድል ብቻውን የቆመ አልነበረም። በአሜሪካ ግዛቶች የፓርቲ ዕጩ የሚመረጠው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። አንደኛው መራጩ በመደበኛ የምርጫ ጣቢያ ድምፅ የሚሰጥበት ፕራይመሪ ሲሆን ሁለተኛው የፓርቲው ደጋፊዎች በተወሰነ ሰዓት በየአካባቢያቸው ተሰብስበው ምርጫቸውን የሚያሳውቁበት ካውከስ ነው። ካውከስ ሰዓት ይፈጃል፤ ተሳታፊውም ቁርጠኛ መሆን አለበት። በመሆኑም ደጋፊውን ቤት ለቤት ቀስቅሶ ወደ ስብሰባው ማምጣት የሚችል ድርጅት ያለው ተወዳዳሪ ይጠቀማል።

ኦባማ ይህንን ያስመሰከሩት ገና ከመጀመሪያው በጃንዋሪ 3 ቀን 2008 በአዮዋ ነው። በ2004 ከነበረው 124 ሺህ ያህል ተሳታፊ ወደ 239 ሺህ ባደገው በዚያ ካውከስ ኦባማ 38 በመቶ ገደማ አግኝተው አንደኛ ሲወጡ ክሊንተን ከጆን ኤድዋርድስ በጥቂት ዝቅ ብለው ሦስተኛ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ ከተካሄዱት የግዛት ካውከሶች ክሊንተን በድምፅ ያሸነፉት በኔቫዳ ብቻ ነው። በዚያም ቢሆን በወረዳ ክፍፍሉ ምክንያት ኦባማ 13 ልዑካን ሲያገኙ ክሊንተን 12 ብቻ አግኝተዋል።

የካውከሱን ልዩ ተጽዕኖ በግልጽ የሚያሳዩት ሁለቱም ዓይነት ምርጫ የተካሄደባቸው ግዛቶች ናቸው። በዋሽንግተን ግዛት ኦባማ ካውከሱን 68 ለ31 በመቶ ሲያሸንፉ ከጥቂት ቀናት በኋላ በተካሄደውና ልዑክ በማያስገኘው ፕራይመሪ ያሸነፉት ግን 51 ለ46 በሆነ ልዩነት ነው። በኔብራስካም በካውከሱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ ያገኙት ኦባማ በሜይ ወር በተካሄደው ልዑክ አልባ ፕራይመሪ ልዩነታቸው ከሦስት በመቶ በታች ወርዷል። በቴክሳስ ደግሞ ፕራይመሪውን ክሊንተን፣ ካውከሱን ኦባማ አሸንፈው በድምሩ ኦባማ 99፣ ክሊንተን 94 ልዑካን ይዘው ወጥተዋል።

የክሊንተን ደጋፊዎች በወቅቱ ያነሱት ቅሬታ እዚህ ላይ መሠረት አለው። በፈረቃ የሚሠራ ወዛደር፣ ልጅ የሚጠብቅላት ያጣች እናት፣ ከቤት መውጣት የሚቸገር አዛውንት በተወሰነ ሰዓት በሚካሄድ ስብሰባ ላይ ለመገኘት አይችሉም። ክሊንተን ጠንካራ ድጋፍ የነበራቸውም በአብዛኛው ከእነዚህ የኅብረተሰብ ክፍሎች ነበር። ሆኖም ደንቡ ለሁለቱም ወገኖች አስቀድሞ የታወቀ ነበር። አንደኛው ወገን ተዘጋጅቶበታል፤ ሌላኛው ዘግይቶ አማሯል።

ድር ቢያብር

ሦስተኛው ወሳኝ ጉዳይ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ በ2007 ሁለቱም ተፎካካሪዎች እያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አሰባስበዋል። ልዩነቱ ገንዘቡ የተገኘበት ምንጭ ላይ ነበር። በወቅቱ የነበረው ሕግ አንድ ግለሰብ ለዕጩነት ፉክክሩ መስጠት የሚችለውን ገንዘብ በ2 ሺህ 300 ዶላር ይወስን ነበር። የክሊንተን ገንዘብ በአብዛኛው የተገኘው ይህንን ጣሪያ በአንድ ጊዜ ከሚሞሉ ባለጸጎች በመሆኑ እነዚህ ለጋሾች ዳግም መስጠት አልቻሉም። ከተሰበሰበውም ከፊሉ ለኖቬምበሩ ምርጫ ብቻ የሚውል ስለነበር በዕጩነት ፉክክሩ ላይ ሊወጣ አይችልም ነበር።

ኦባማ በአንጻሩ በኢንተርኔት አማካይነት በትንሽ በትንሹ የሚሰጡ እጅግ ብዙ ለጋሾችን አሰባስበዋል። ከፌስቡክ መሥራቾች አንዱ የሆነው ክሪስ ሂዩዝ ያገዘበት የድረ ገጽ ሥራ ደጋፊዎች እርስ በርስ ተገናኝተው በየአካባቢያቸው እንዲደራጁም አድርጓል። ሃያና ሃምሳ ዶላር የሰጠ ሰው በቀጣዩ ወር ደግሞ ይሰጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ በጃንዋሪ 2008 ብቻ ኦባማ 32 ሚሊዮን ዶላር ሲያገኙ ክሊንተን ያገኙት ከዚህ ግማሹን እንኳ አልሞላም። ክሊንተን ከግል ሀብታቸው 5 ሚሊዮን ዶላር ለምርጫ ቡድናቸው ማበደራቸውም ከፌብሩዋሪ 5 ማግስት ይፋ ሆነ።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ከፌብሩዋሪ 9 እስከ 19 ባሉት ቀናት በተካሄዱት ምርጫዎች ኦባማ ከሉዊዚያና እስከ ሜይን፣ ከዊስኮንሲን እስከ ሃዋይ አንድም ሳይሸነፉ ተጓዙ። በቨርጂኒያ 64 በመቶ ድምፅ አገኙ። ትውልደ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች መካከል የሆኑት ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዋሽንግተን ዲሲ በፌብሩዋሪ 12 በአንድ ቀን ድምፅ ሰጥተው ሦስቱም ለኦባማ ሆነዋል። በእነዚህ ቀናት ብቻ ኦባማ ከ100 የሚበልጡ ልዑካን የተጣራ ትርፍ አገኙ። የክሊንተን ቡድን ፉክክሩ በፌብሩዋሪ 5 ያበቃል በሚል ተስፋ ለተከታዮቹ ግዛቶች በቂ ገንዘብም ሆነ የሰው ኃይል አላስቀመጠም ነበር። በዚሁ ወር የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ፓቲ ሶሊስ ዶይል በማጊ ዊሊያምስ ተተኩ። የተከፈተው የልዑካን ክፍተት ግን ከዚያ በኋላ ሊደፈን አልቻለም።

የደጋፊዎች ስብጥር

በፉክክሩ መጀመሪያ ላይ ጥቁር መራጮች በሙሉ ከኦባማ ጎን አልነበሩም። የክሊንተን ቤተሰብ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የቆየ ተወዳጅነት የነበረው ሲሆን የሲቪል መብት ታጋይ የነበሩት የምክር ቤት አባል ጆን ሉዊስ እንኳ መጀመሪያ ድጋፋቸውን የሰጡት ለክሊንተን ነበር። ሁኔታውን የለወጠው የአዮዋ ውጤት ነው። አብላጫው ነዋሪ ነጭ በሆነበት ግዛት ኦባማ ማሸነፋቸው ዕጩነቱ ከምኞት ያለፈ መሆኑን አሳየ። በጃንዋሪ 26 በደቡብ ካሮላይና ኦባማ 55 ለ27 በመቶ ሲያሸንፉ ከጥቁር መራጮች አምስት እጅ አራቱ ያህል ድምፃቸውን ሰጥተዋቸዋል። ከሁለት ቀናት በኋላ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ ድጋፋቸውን ለኦባማ ሰጡ። ሉዊስም በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወደ ኦባማ ጎራ ተሻግረዋል።

ጥቁር መራጮች፣ ወጣቶችና ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው ነጮች የኦባማ መሠረት ሲሆኑ ሴቶች፣ አዛውንት፣ የሂስፓኒክ ተወላጆችና ነጭ ሠራተኞች ወደ ክሊንተን አዘንብለዋል። የሁለቱ መሠረት በቁጥር ተቀራራቢ ነበር። የኦባማ ደጋፊዎች ግን በካውከስ ግዛቶችና ብዙ ልዑካን በተመደቡላቸው የከተማ ወረዳዎች መገኘታቸው በልዑካን ሲመነዘር ብልጫ አስገኝቷል።

የክሊንተን ብርታት

ክሊንተን በቀላሉ የተረቱ ተፎካካሪ አልነበሩም። በጃንዋሪ 8 በኒው ሃምፕሻየር የሕዝብ አስተያየት ጥናቶችን አፋልሰው አሸንፈዋል። በማርች 4 ኦሃዮን ሲያሸንፉ በኤፕሪል 22 ደግሞ በፔንሲልቬኒያ ዘጠኝ በመቶ በሚሆን ልዩነት ድል አድርገዋል። በማርች ወር የኦባማ የቀድሞ ፓስተር ጄረማያ ራይት ስብከቶች ያስነሱት ውዝግብም ተፎካካሪያቸውን ፈትኗል። ኦባማ በማርች 18 በፊላደልፊያ ስለ ዘር ጉዳይ ሰፊ ንግግር ለማድረግ ተገደዋል።

ነገር ግን የልዑካን ስሌቱ አልተለወጠም። ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ድምፅ የሰጠበት የፔንሲልቬኒያ ድል ለክሊንተን ያስገኘው የተጣራ ትርፍ 12 ልዑካን ነው። ይህም ኦባማ በአይዳሆ ከ21 ሺህ ሰዎች ስብሰባ ካገኙት ጋር እኩል ነው። በሜይ 6 ኦባማ በሰሜን ካሮላይና በሰፊ ልዩነት አሸንፈው ክሊንተን በኢንዲያና አንድ በመቶ ገደማ በሆነ ልዩነት ብቻ ሲቀድሙ ፉክክሩ በተግባር አበቃ።

የቀረው ተስፋ ሁለት ነበር። አንደኛው የፓርቲውን የጊዜ ሰሌዳ ጥሰው ምርጫቸውን በማስቀደማቸው ልዑካናቸው የተሰረዘባቸው ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ናቸው። ክሊንተን በሁለቱም ቢያሸንፉም በሚሺጋን የኦባማ ስም በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የፓርቲው የደንብ ኮሚቴ በሜይ 31 ልዑካኑ እያንዳንዳቸው ግማሽ ድምፅ እንዲኖራቸው ወሰነ። ሁለተኛው ተስፋ በሕዝብ ድምፅ ሳይሆን በሥልጣናቸው ምክንያት በጉባዔው የሚሳተፉት፣ ሱፐር ዴሌጌት በመባል የሚታወቁት 800 ገደማ የፓርቲ መሪዎች ነበሩ። በዓመቱ መጀመሪያ አብዛኞቹ አቋማቸውን ያሳወቁ መሪዎች ከክሊንተን ጎን ቢሆኑም ሕዝብ ከመረጣቸው ልዑካን ውሳኔ በተቃራኒ ለመቆም የደፈሩት ጥቂቶች ናቸው። በሜይ ወር ኦባማ በዚህም በኩል ቀደሙ። በጁን 3 የሚያስፈልገውን 2 ሺህ 118 የልዑካን ድምፅ አለፉ። ክሊንተን በጁን 7 ውድድራቸውን አቁመው ለኦባማ ድጋፋቸውን ሰጡ።

ከፉክክሩ በኋላ

ኦባማ በኖቬምበር 4 ቀን 2008 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ክሊንተን ከ2009 እስከ 2013 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋል። ኦባማ በጁላይ 2015 ኢትዮጵያን በሥልጣን ላይ እያሉ የጎበኙ የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ክሊንተን ደግሞ በ2016 የመጀመሪያዋ ሴት የታላቅ ፓርቲ ዕጩ ሲሆኑ በዚያ ፉክክር በጥቁር መራጮች ዘንድ ሰፊ ድጋፍ አግኝተው ሴናተር በርኒ ሳንደርስን ረትተዋል። በካውከስ ግዛቶች አብዛኛውን ያሸነፉት ግን እንደ ስምንት ዓመት በፊቱ ሁሉ ተፎካካሪያቸው ነበሩ።

በ2008 የተነሱት ጥያቄዎች ውለው አድረው ደንቡን ለውጠዋል። በ2018 ፓርቲው ሱፐር ዴሌጌቶች ውጤቱ ባልታወቀበት ፉክክር በመጀመሪያው ዙር ድምፅ እንዳይሰጡ ወስኗል። ዋሽንግተን፣ ኔብራስካ፣ አይዳሆ፣ ሜይን፣ ሚኔሶታና ኮሎራዶ ለ2020ው ምርጫ ከካውከስ ወደ ፕራይመሪ ተሸጋግረዋል። አዮዋም የ2020ው ውጤት አገላለጽ ከተስተጓጎለ በኋላ በ2024 የዴሞክራቶችን የመጀመሪያነት ቦታ ለደቡብ ካሮላይና ለቃለች።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት በአንድ አገር ብቻ የሚወሰን አይደለም። በተቀራራቢ ፉክክር ውስጥ አሸናፊውን የሚለየው የመድረኩ ጭብጨባ ሳይሆን ደንቡን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ለረዥም ጉዞ የሚሆን ስንቅ መያዝና ትንሽ የሚባለውን አካባቢ አለመናቅ ነው። በሌላ በኩል ደንብ የመራጩን ድምፅ በእኩል ዓይን ካላየ ቅሬታ ማስከተሉ አይቀርም። በ2008 ወደ 18 ሚሊዮን የሚጠጋ ድምፅ ይዘው የተሸነፉት ወገኖች ውጤቱን መቀበላቸው፣ ፓርቲውም ቅሬታቸውን ሰምቶ ደንቡን ደረጃ በደረጃ ማሻሻሉ ከአሸናፊው ማንነት ባልተናነሰ ሊታወስ የሚገባው ነው።